ጉቶው አልሞተም፤ የአገራችን ጫካ እንዴት ጠፋ? እንዴትስ ይመለሳል?



የቱ ቢሽቫት በዓል በመጣ ቁጥር ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ችግኝ ሲተክሉ ውለው፣ ጥፍራቸው ውስጥ አፈር እንደገባ ቤት ይደርሳሉ። የዚህች አገር ተራራ ድሮ ራቁቱን እንደነበረ፣ ሕዝቡም በእጁ ዛፍ እየተከለ እንዳለበሰው ሲማሩ ውለዋል። ማታ እራት ላይ ታዲያ ብዙ ወላጆች ወደ ማኅበራችን እየመጡ የሚነግሩን ጥያቄ ይነሳል። «አባዬ፣ እናንተ ኢትዮጵያ ሳላችሁ ለምን ዛፍ አልተከላችሁም? አገራችሁ በረሃ ነበረች እንዴ?»

ወላጅ እዚህ ላይ ዝም ይላል። ከፊሉ ከልጅነቱ የሚያስታውሰው የተራቆተ ኮረብታና ጎርፍ የበላው ቦረቦር ነው። ከፊሉ ደግሞ ከመንደሩ ወጥቶ ጎንደር ከተማ ወይም አዲስ አበባ ወረፋ ሲጠብቅ ብዙ ዓመት ስለቆየ የትውልድ ቀዬው ዛፍ እንደ ሕልም ርቆታል። ልጁ ግን ዝምታውን «አዎ፣ በረሃ ነበረች» ብሎ ይተረጉመዋል። ከዚያም አልፎ «ወላጆቼ የሚያስተምሩኝ ነገር የላቸውም» ወደሚል ሐሳብ ይሄዳል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለዚያች የእራት ሰዓት መልስ እንዲሆናችሁ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እዚህ አገር በሚሠራበት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን ልብ በሉ።

ጫካው ወዴት ሄደ?

የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ የተፈጥሮ ልብሱ ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ ነው፤ ወረድ ሲል ዋንዛ፣ ብሳናና ግራር ይከተላሉ። ይህ ምድር በበሬ ሲታረስ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። እርሻ ሲሰፋ ጫካ ይሸሻል፤ ሰው በጦርነትና በረሃብ አካባቢውን ሲለቅ ደግሞ ጫካው ተመልሶ ይገባል።

«ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ ምድር 40 በመቶው ደን ነበር» የሚል አባባል ብዙ ጊዜ ትሰማላችሁ። ቁጥሩን የመረመሩ የታሪክ ሊቃውንት ግን የተጨበጠ ማስረጃ እንደሌለው ጽፈዋል። በ1868 ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ለመዋጋት ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዞ ነበር። ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ ያን ኒሰን የተባሉ የቤልጂግ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ፎቶግራፎቹ የተነሱባቸውን ቦታዎች ፈለጉና እዚያው ቆመው እንደገና አነሷቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስተያዩ በብዙ ቦታ በአዲሱ ፎቶግራፍ ላይ ያለው ዛፍ ከድሮው በልጦ ተገኘ። እንግዲህ አገሪቱ እስከ ትናንት ጫካ ብቻ አልነበረችም፤ በረሃም አልነበረችም። ጫካ ይሄዳል፤ ይመለሳልም።

መሄዱን ግን አንካድ። ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባን ከቆረቆሩ ብዙም ሳይቆይ የማገዶና የቤት እንጨት ስለጠፋ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያቆያት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ ችግርን አቃልሏል፤ ነገር ግን ውሃ ይጠጣል፤ ከሥሩም እንደ ወይራና እንደ ኮሶ ብዙ ዓይነት ተክል አያስጠጋም።

ስለራሳችንም እውነቱን እንናገር። ማረሻውንና መጥረቢያውን የሚቀጠቅጠው ማን ነበር? በጎንደርና በዙሪያው ከቀጥቃጮቹ ብዙዎቹ የኛ አባቶች ነበሩ። ወናፍ የሚነፋው የከሰል ፍም ነው፤ ከሰል ደግሞ ከዛፍ ነው። እናቶቻችንም ጀበናውንና እንስራውን የሚተኩሱት በእንጨትና በኩበት ነበር። ስለዚህ በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛም ከጎረቤቶቻችን ጋር አለንበት። ልጆቻችሁ ይህንንም ቢሰሙ አይጎዳቸውም።

መሬት የሌለው ሰው ዛፍ አያሳድግም

ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ የሆንነው ግን እንዲያው ወደን አልነበረም። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በነገሡት በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ያልተጠመቀ ሰው ርስት እንዳይወርስ ታዘዘ ይባላል። ርስት ያጣው ቤተ እስራኤል በሌላ ሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ እያረሰ የጎደለውን በእጅ ሥራ ይሞላ ነበር። ጭሰኛ ደግሞ የዘንድሮን እህል ይዘራል እንጂ ለልጅ ልጅ የሚደርስ ዛፍ አያሳድግም። ነገ ከመሬቱ ቢነሳ ወይራው የማን ይሆናል? ይህን ጥያቄ ያዙት፤ የቀረው ታሪክ ሁሉ የሚዞረው በዚሁ ዙሪያ ነውና።

የመሬቱ ባለቤት የሆነ ሕዝብ ምን ማድረግ እንደሚችል ለማየት ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ መንዝ እንሂድ። ጓሳ የሚባለው ቦታ ጫካ አይደለም፤ ሣርና ቁጥቋጦ የሸፈነው ውርጫም ደጋ ነው። የሚያስተምረን ግን ስለ ጥበቃ ነው። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ተወላጆች የሆኑ ባለርስቶች ጓሳን ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ፣ ቁጥቋጦው ለማገዶ ይፈለጋል። ይሁንና ማንም በፈለገው ቀን አይገባም። ሕዝቡ የመረጠው አለቃ ቦታውን ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋዋል። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ቀን ይቆረጥና ሁሉም ይገባል፤ በሐምሌ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ሲደርስ ተመልሶ ይዘጋል። ሕግ የጣሰ በጽኑ ይቀጣል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ እስከ ዘመናችን እዚያ የቆዩት በዚህ ጥበቃ ነው።

በ1975 የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ አደረገው። ለቤተ እስራኤል ይህ ትልቅ ቀን ነበር፤ ለመቶዎች ዓመታት የተከለከለው መሬት ላይ የማረስ መብት በሕግ ተሰጠው። በጓሳ ግን ያው አዋጅ የባለርስቶቹን ሥርዓት አፈረሰ፤ አሮጌው ጠባቂ ሄዶ አዲሱ ገና አልተተካም ነበርና ሣሩና ቁጥቋጦው ተጎዳ። የመንዝ ሰዎች ቆይተው ባለርስት የነበረውንም ያልነበረውንም ያቀፈ አዲስ ኮሚቴ አቋቋሙ። በ2012 ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ተብሎ በአማራ ክልል ሕግ ታወቀ። ከቀድሞው የተሻለው ነገር ማንም ከባለቤትነቱ አለመገለሉ ነው።

የመንግሥት ዛፍ ምን ገጠመው?

ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ ረሃብ በኋላ ደርግ ገበሬውን ስንዴና ዘይት እየከፈለ እርከን ያሠራው፣ ኮረብታ ያስከልለው ነበር። የተከለለው ቦታ «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ» ይባላል። ከእናንተ መካከል ለዚህ ሥራ ድንጋይ የተሸከመ አይጠፋም። ሥራው በከንቱ አልነበረም፤ ብዙ ኮረብታ አረንጓዴ ሆነ። ገበሬው ግን ሳይጠየቅ ግጦሹን አጥቷል፤ ዛፉ ሲያድግም የማን እንደሆነ የነገረው የለም።

ግንቦት 1991 ደርግ ወደቀ። በዚያው ሰሞን፣ ከወሩ 24 እስከ 25 ባሉት 36 ሰዓታት ውስጥ፣ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በሰሎሞን ዘመቻ ወደዚህ አገር በረሩ። እነርሱ ትተዋት በሄዱት አገር ደግሞ በብዙ ቦታ ሕዝቡ መጥረቢያውን ይዞ ወደ ተከለለው ኮረብታና ወደ ተተከለው ደን ወጣ። ለዓመታት የተደከመበት በጥቂት ወራት ተመነጠረ። ገበሬው ዛፍ ጠልቶ አልነበረም። «የመንግሥት ዛፍ» የተባለው መንግሥት ሲሄድ ባለቤት አልባ ሆነ፤ ባለቤት የሌለውን ደግሞ ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል።

ሁምቦ፤ ከጉቶው የወጣ ጫካ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በ1983 ቶኒ ሪናውዶ የተባሉ አውስትራሊያዊ የእርሻ ባለሙያ በኒጀር፣ ማራዲ በሚባል አካባቢ ችግኝ ጭነው ሲሄዱ የመኪናውን ጎማ አየር ለመቀነስ ይቆማሉ። ዓመታት የለፉባቸው ችግኞች አብዛኞቹ እየደረቁባቸው ተስፋ ቆርጠው ነበር። በአሸዋው ላይ ያዩትን አንድ ቁጥቋጦ ጠጋ ብለው ሲመለከቱት ቁጥቋጦ አይደለም፤ የተቆረጠ ዛፍ ከጉቶው ያወጣው ቅጠል ነው። ሜዳው ሁሉ እንዲህ ባለ ጉቶ የተሞላ ነበር። ጫካው ከመሬት በታች በሕይወት አለ፤ ቀና ባለ ቁጥር ከብት ይግጠዋል፣ ሰው ይቆርጠዋል። ከዚያ በኋላ የኒጀር ገበሬዎች በዚህ ዘዴ በሚሊዮን በሚቆጠር ሄክታር እርሻቸው ላይ ዛፍ መልሰዋል።

ይኸው ዘዴ ከወላይታ ሶዶ በስተደቡብ ወዳለችው ወደ ሁምቦ መጣ። የሁምቦ ተራራ ለማገዶ፣ ለከሰልና ለግጦሽ ተመንጥሮ ጎርፍ ወደ መንደሩ ይወርድበት ነበር። በ2006 ወርልድ ቪዥን ከአካባቢው ሕዝብና ከመንግሥት ጋር ሥራውን ሲጀምር የተከለለው መሬት 2,728 ሄክታር ነበር። ከዚህ ውስጥ ችግኝ የተተከለበት ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው ከጉቶና ከወደቀ ዘር ራሱ በቀለ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ጉቶ ብዙ ቀጫጭን ቀንበጥ ያወጣል። ገበሬው ከነዚህ ውስጥ ቀጥ ያሉትንና ጠንካሮቹን ሦስት ወይም አምስት ያህል ይመርጥና ሌላውን ይቆርጣል። የተመረጡትን እስከ ግማሽ ቁመታቸው የጎን ቅርንጫፋቸውን ይመለምላል። ከብት እንዳይገባ ይጠብቃል። የተቆረጠው ለማገዶ ይሆናል፤ ሣሩም እየታጨደ ለከብት ይሄዳል። በየጊዜው ተመልሶ ይመለምላል። ሥሩ አሮጌና ጥልቅ ስለሆነ ከችግኝ ይልቅ ድርቅን ይችላል፤ ቶሎም ያድጋል። ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ግራር እንዲህ ያቆጠቁጣሉ። ጥድ ግን ከጉቶ አይመለስም፤ እርሱ የሚያስፈልገው ዘር የሚጥል እናት ዛፍ በቅርብ መኖሩና ቡቃያው አለመረገጡ ነው።

ቁም ነገሩ ግን መመልመሉ ብቻ አይደለም። የሁምቦ ሰዎች ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት አቋቁመው የደኑን የተጠቃሚነት መብት በሕጋዊ ወረቀት ተረከቡ። ስለዚህ እየጠበቁ ያሉት የራሳቸውን ነው። በ2009 ሥራው የአየር ንብረትን የሚጠብቅ ተብሎ በተባበሩት መንግሥታት ተመዘገበ፤ ደኑ በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ያህል የተቃጠለ አየር ይመጥጣል ተብሎ ተገመተ። የዓለም ባንክም ከዚሁ ከፊሉን ለመግዛት ተዋዋለ። ከዚያ የመጣው ገንዘብ በማኅበራቱ በኩል እንደ ወፍጮና የእህል ጎተራ ለመሰለው የጋራ ጥቅም ዋለ።

ችግሩንም እንናገር። ቦታ ሲከለል መጀመሪያ የሚጎዳው ከብቱን የሚያሰማራበት ሌላ መሬት የሌለው ድሃና ማገዶ በጀርባዋ ተሸክማ ሸጣ የምታድር ሴት ናቸው። ለእነርሱ ሣር አጭዶ የመውሰድ፣ ምልማዩን የማግኘት ድርሻ ካልተሰጠ አጥሩ በሌሊት ይፈርሳል። ሰላምም ያስፈልጋል። የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር ሕዝብ የተራቆተውን ምድሩን መልሶ በማልማቱ በ2012 ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ ነው። መንደሩ ባለበት በትግራይ ግን ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት መብራትና ነዳጅ ሲጠፋ በዓመታት ጥበቃ ያደገ ብዙ ዛፍ ለማገዶ ተቆርጧል።

የጎረቤቶቻችን አጸድ

ከጎንደር የመጣችሁ ሁሉ አንድ ነገር ታስታውሳላችሁ። ዙሪያው ሜዳ ሆኖ እንኳ ከሩቅ ክብ ጥቁር ጫካ ከታየ እዚያ መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የቤተ ክርስቲያን ዛፍ መቁረጥን እንደ ነውር ስለሚቆጥሩት ጥዱ፣ ወይራውና ዝግባው በዚያ ተጠልሎ ቆየ። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር እነዚህን አጸዶች አጥንተዋል። ያገኙት ችግር ከብት ነው፤ ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ከሥራቸው ያለው ቡቃያ እየተጋጠና እየተረገጠ ተተኪ አጣ። እርሳቸውና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ላውማን ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው ከእርሻ ውስጥ በተለቀመ ድንጋይ ዙሪያውን ያሳጥሩ ጀመር። ገበሬው እርሻው ከድንጋይ ጸዳለት፤ ደኑም አጥር አገኘ። ከብት ሲቀር ቡቃያው ቀና አለ። እነዚህ አጸዶች ዘር የሚጥሉ እናት ዛፎች የሚገኙባቸው ናቸውና የተራቆተው ኮረብታ አንድ ቀን የሚለብሰው ከእነርሱ በሚወጣ ዘር ነው።

እዚህ አገርስ?

ልጆቻችሁ የሚማሩት እውነት ነው፤ ሙሉው ግን አይደለም። በ1901 የተቋቋመው ቄረን ቀየመት በዚህ አገር ከ200 ሚሊዮን በላይ ዛፍ ተክሏል። ከነዚህ ብዙው ኦረን የሚባለው ጥድ ነው። የካርሜልና የገሊላ ተራሮች አገር በቀል ጫካ፣ አሎንና ኤላ የሚባሉት ዛፎች፣ በብዛት የተመለሱት ግን ማንም ሳይተክላቸው ከአሮጌ ሥራቸው አቆጥቁጠው ነው።

ይህም ሌላ ታሪክ አለው። በ1950 ክኔሴት የጥቁር ፍየልን ግጦሽ የሚገድብ ሕግ አወጣ። ፍየል ሲቀንስ ቁጥቋጦው አደገ። ነገር ግን በፍየል የሚተዳደሩት የአረብና የበደዊ ቤተሰቦች ሳይጠየቁ ኑሯቸው ተናጋ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ የሚግጠው ያጣ ቁጥቋጦ ጥቅጥቅ ብሎ የእሳት ማገዶ ሆነ። በታኅሣሥ 2010 በካርሜል ተራራ በተነሳው ቃጠሎ 44 ሰዎች ሞቱ። ሕጉ በ2018 ተሻረ፤ ፍየል ለእሳት መከላከያ እንደሚጠቅም ታመነ። ከቃጠሎው በኋላ የደን ባለሙያዎቹ በአብዛኛው ቦታ አዲስ ከመትከል ይልቅ ጫካው ራሱ እንዲመለስ መጠበቅንና ማገዝን መረጡ። የሁምቦ ገበሬዎች ከሚያደርጉት ጋር ወንድማማች ነው።

ነገሩ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ሺክማ የሚሉት ዛፍ፣ እኛ ሾላና ባምባ ከምንላቸው ወገን የሆነው፣ ተቆርጦ ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ ለቤት ጣሪያ የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት ይሰጣል። የጥንት አይሁድ ይህን ስለሚያውቁ ሚሽና ያልተቆረጠውን ሺክማና ተቆርጦ ያቆጠቆጠውን በየስማቸው ለይቶ ይጠራቸዋል።

ከሄርዝል ጎዳና እስከ እራት ገበታ

በከተማችን በሄርዝል ጎዳና ወደ ሰሜን ጫፍ ስትሄዱ የዋይዝማን የሳይንስ ተቋምን በርና የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲን የእርሻ ፋኩልቲ ታገኛላችሁ። ከዋይዝማን የሚወጡ ተመራማሪዎች በደቡብ፣ በበረሃው አፋፍ ላይ ባለው በያቲር ጫካ፣ ዛፎች ምን ያህል አየር እንደሚመጥጡና ምን ያህል ውሃ እንደሚያጠፉ ከ2000 ጀምሮ ሲለኩ ቆይተዋል። በአውቶቡስ በዚያ ስታልፉ ያ ግቢ የማይመለከታችሁ አይምሰላችሁ። እዚያ የሚጠናው ነገር ከፊሉ እናንተ ከብት ስትጠብቁ፣ እንጨት ስትለቅሙ፣ የትኛው ዛፍ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ፣ የትኛውስ እንደማይመለስ በዓይናችሁ ያያችሁት ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቱ ቢሽቫት ልጃችሁ ያን ጥያቄ ሲያነሳ ዝም አትበሉ። «አገራችን በረሃ አልነበረችም፤ ጫካዋ ተቆርጦ ነበር፤ ሥሩ ግን አልሞተም። ሕዝቡ የራሱ ሲሆንለት ይጠብቀዋል፤ ሲጠብቀውም ይመለሳል» በሉት። ከዚያም የምታውቋቸውን ዛፎች በስማቸው ቁጠሩለት። ወይራው ለምን እንደሚታጠንበት፣ ኮሶው ለምን መድኃኒት እንደሚሆን፣ ጸሎት ቤታችሁ አጠገብ የቆመው ዛፍ ምን እንደነበረ ንገሩት። እርሱም አሎንንና ኤላን፣ ሐሩቭንና ሺክማን ያስተምራችሁ። ቋንቋ የሚለመደው እንዲህ ተቀባብሎ ነው።

የከተማችን ስም ረሖቮት ከኦሪት የተወሰደ ነው። አባታችን ይስሐቅ ጠላት የደፈነውን የአባቱን የአብርሃምን ጉድጓድ መልሶ ቆፈረ፤ አባቱ ያወጣለትን ስምም መልሶ ሰጠው። በኋላም ሌላ ጉድጓድ ቆፍሮ ሰው ተጣላበት፤ ደግሞ ቆፈረ፤ አሁንም ተጣሉበት። በመጨረሻ ማንም ያልተጣላበትን ውሃ ሲያገኝ ስፍራ ሰፋልን ሲል ረሖቮት አለው። ወገኖቼ፣ አዲሱን ስፍራ ከማግኘቱ በፊት የአባቱን ስሞች እንዳልረሳ ልብ በሉ። እናንተም ለልጆቻችሁ የምታወርሱት እንዲህ ያለ ስም አላችሁ፤ ዛሬ ማታ ከአንድ ዛፍ ጀምሩ።